ጠመንጃ በአደራ፦ ትረስት፣ ቤተሰብና የዋሽንግተን ሕግ



እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1969 ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው የሲያትል ብላክ ፓንተር ፓርቲ አባላት ጠመንጃቸውን እንደያዙ ኦሎምፒያ ድረስ ሄደው በዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት ደረጃ ላይ ተሰለፉ። ያስቆጣቸው በዚያ ሰሞን ለምክር ቤቱ የቀረበ ረቂቅ ሕግ ነበር፤ ሰውን በሚያስፈራራ ሁኔታ መሣሪያ ይዞ መታየትን ወንጀል የሚያደርግ። ረቂቁ በዚያው ዓመት ጸደቀ፤ ዛሬም ይሠራበታል። ፓርቲው ሥር የሰደደው በዚህ በሲያትል ሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ነበር። በዬስለር ዌይ ላይ ያለው የካሮሊን ዳውንስ ክሊኒክም ፓንተሮቹ ከጀመሩት ነፃ ሕክምና የበቀለ ነው።

ጁን 6 ቀን 2024 ደግሞ በዚሁ ሰፈር በጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ፣ በምሳ ሰዓት፣ አንድ የ17 ዓመት ተማሪ በጥይት ተመትቶ ሞተ። መሣሪያ የመያዝ መብቱን አደባባይ ወጥቶ የጠየቀውም፣ ልጁን በጥይት አጥቶ ያለቀሰውም ይኸው ሰፈር ነው። እዚህ ስለ መሣሪያ ሲነገር ሁለቱንም ማሰብ ግድ ይላል።

የዛሬው ርእስ ትረስት ነው፤ ማለትም ሕግ በጥብቅ የሚቆጣጠራቸውን መሣሪያዎችና ድምፅ ማፈኛዎችን በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በአደራ ሰነድ ስም የመያዝ ዘዴ። ዘዴው ሕጋዊ ነው፤ ለቤተሰብም ይጠቅማል። ነገር ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ስምን መሰወሪያ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው በ1934 ነው። በ1929 በቫለንታይን ዕለት ቺካጎ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ላይ ተደርድረው ከተረሸኑ በኋላ የወሮበሎች መሣሪያ የአገር ጭንቀት ሆኖ ነበር። ኮንግረሱ በ1934 ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግን አወጣ። ሕጉ መትረየስን፣ አፈሙዙ ከ18 ኢንች (ዛሬ ከ16 ኢንች) ያጠረ ጠመንጃን፣ አፈሙዙ ከ18 ኢንች ያጠረ ሾትገንን እና ድምፅ ማፈኛን አልከለከለም፤ እንዲመዘገቡ አዘዘ፣ ሲሠሩና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉም የ200 ዶላር ግብር ጣለ። በዚያ ዘመን 200 ዶላር ዛሬ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ገንዘብ ነበር። ቁጥሩ ከ90 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ፣ በ2025 በወጣ ሕግ መሠረት ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በድምፅ ማፈኛና አፈሙዛቸው ባጠረ መሣሪያዎች ላይ ያለው ግብር ዜሮ ሆነ። የተነሣው ግብሩ ብቻ ነው፤ ምዝገባው፣ የጣት አሻራውና የጀርባ ማጣሪያው እንዳሉ ናቸው።

ድምፅ ማፈኛ በፊልም እንደሚታየው ጥይትን ዝም አያሰኝም። የማክሲም መትረየስን የፈጠረው ሰው ልጅ፣ ሃይረም ፐርሲ ማክሲም፣ በ1909 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ ዕቃ ከ140 ዴሲቤል በላይ የሚጮኽን ተኩስ በ20 ወይም በ30 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የሚፈልጉት ለጆሯቸው ነው። በዋሽንግተን ግዛት መጠቀም የተፈቀደው በ2011 ሲሆን፣ በፌዴራል ሕግ የተመዘገበ መሆን አለበት። መትረየስ ግን በዚህ ግዛት ለግለሰብ ዛሬም ክልክል ነው።

ታዲያ ትረስት ለምን አስፈለገ? እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ ሰው ስም ሲመዘገብ መያዝ የሚችለው ያ ሰው ብቻ ነው። ባል ሥራ ሲሄድ ሚስት የካዝናውን ቁጥር ካወቀች፣ ሕግ እሷንም እንደ ያዥ ሊቆጥራት ይችላል፤ ያልተመዘገበላትን መያዝ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። በትረስት ግን ባለቤቱ ሰነዱ ነው። ሰነዱን የሚያቋቁም መሥራች አለ፤ ዕቃውን የሚይዙና የሚያስተዳድሩ ባለአደራዎች አሉ፤ በመጨረሻ የሚደርሳቸው ተጠቃሚዎች አሉ። ባልና ሚስት ሁለቱም ባለአደራ ከሆኑ አንዱ ሌላው በሌለበት ሊይዝ ይችላል።

ሆኖም ትረስትን ያስፋፋው ሌላ ምክንያትም ነበር። እስከ 2016 ድረስ በግል ስሙ የሚያመለክት ሰው የጣት አሻራውን ይሰጣል፤ ከአካባቢው ሸሪፍ ወይም ፖሊስ አዛዥም ፊርማ ማምጣት አለበት። በትረስት የሚያመለክት ግን ሁለቱንም አይጠየቅም ነበር። ጉዳዩን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ባወጣው አኃዝ መሠረት በትረስትና በመሰል ሕጋዊ አካላት ስም የቀረቡ ማመልከቻዎች በ2000 ወደ 840 ብቻ ነበሩ፤ በ2012 ግን 40,700 ደርሰዋል።

በፌብሩዋሪ 2013 የቀድሞው የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ባልደረባ ክሪስቶፈር ዶርነር አራት ሰዎች ገደለ። ትቶት በሄደው ጽሑፍ ላይ፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም ባዘጋጀው ትረስትና በ10 ዶላር የውል ማረጋገጫ ክፍያ ድምፅ ማፈኛዎችን ያለ ጀርባ ማጣሪያ እንደገዛ ገልጿል። ይህንን በር የሚዘጋ ደንብ በጃንዩዋሪ 2016 ተፈርሞ ከጁላይ 13 ቀን 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ትረስቱ ሲያመለክት መሣሪያውን የመያዝና የማዘዝ ሥልጣን ያለው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቅጽ ይሞላል። የአሥር ጣቶቹን አሻራ በሁለት ካርዶች ላይ ያትማል፣ ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች የሆነ ፎቶግራፉን ያያይዛል፣ የቅጹን ቅጂም በሚኖርበት አካባቢ ላለው የፖሊስ አዛዥ ይልካል። የአዛዡ ፊርማ ቀርቷል፤ እንዲያውቀው ማድረግ ግን ግዴታ ነው። አራት ባለአደራ ያለው ትረስት አራት ሰው ያስመረምራል ማለት ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን ቀርቷል። ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ ወደ ሰነዱ የሚጨመር ባለአደራ፣ ትረስቱ አዲስ ዕቃ ለመግዛት እስኪያመለክት ድረስ ይህን ቅጽ እንዲሞላ የፌዴራሉ ደንብ አያስገድድም። በዚህ ጊዜ ሰውየውን የሚመረምረው መሥራቹ ራሱ ነው፤ የትረስት ክብደትም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

እንበል አንድ አባት ሚስቱን፣ የ22 ዓመት ልጁን እና ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ የመጣ የወንድሙን ልጅ ባለአደራ አድርጎ ሊያስገባ ፈለገ። ሐሳቡ የቤተሰብ ፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን የወንድሙን ልጅ ወንጀለኛ ሊያደርገው ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ እንዳይይዝ ይከለክላል። የዋሽንግተን ሕግ ደግሞ ዜጋ ያልሆነ ሰው ግሪን ካርድ ከሌለው ለውጭ ዜጎች የሚሰጥ የተለየ የመሣሪያ ፈቃድ ይጠይቀዋል። ትረስቱ እነዚህን ክልከላዎች አያነሣም።

ጫትና ማሪዋናም አብረው መነሣት አለባቸው። የዋሽንግተን ሕዝብ ማሪዋናን በ2012 ድምፅ ሰጥቶ ፈቅዷል፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን አልፈቀደም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በፌዴራል ደረጃ ከተከለከሉት ንጥረ ነገሮች የመጀመሪያው መደብ ላይ ተመዝግቧል። ሕገ ወጥ ዕፅ የሚጠቀም ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ የሚለው የፌዴራል አንቀጽ በመርካቶም በሐረርም የለመዱትን ነገር ለይቶ አያይም። እንደዚሁም በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት ጥበቃ ትእዛዝ የወጣበትና መሣሪያ እንዲያስረክብ የታዘዘ ሰው “የትረስቱ ነው እንጂ የኔ አይደለም” ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ተራ ጠመንጃንና ሽጉጥን በተመለከተ ግዛቱ የራሱ ደንቦች አሉት። በ2014 በ59 በመቶ ድምፅ የጸደቀው ሕግ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሣሪያ ሁሉ በጀርባ ማጣሪያ እንዲያልፍ ያዛል። ለቤተሰብ የሚሰጥን ስጦታ ግን ከዚህ ነፃ ያደርጋል፤ ዝርዝሩም ሰፊ ነው፦ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እኅት፣ አያት፣ አጎትና አክስት፣ የአጎትና የአክስት ልጅ፣ አማትም ሳይቀር። አበልጅ፣ የክርስትና አባት፣ የዕድር ወዳጅ ግን የሉበትም። በሐበሻ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ የማይተናነሱት እነዚህ ሰዎች በሕጉ ፊት ባዕድ ናቸው።

ትረስት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በሞት ጊዜ ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ የአባት ምንሽር ወይም ውጅግራ ለማን እንደሚተላለፍ ቤተ ዘመዱም ጎረቤቱም ያውቃል። ሲያትል ውስጥ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ቁም ሣጥን ስትከፍት ያልጠበቀችውን ልታገኝ ትችላለች። የተመዘገበ ድምፅ ማፈኛ በሕጋዊ ወራሽ ስም የሚዛወርበት ከግብር ነፃ የሆነ ቅጽ አለ። ሽጉጥ የወረሰ ሰው በ60 ቀን ውስጥ በሕግ ማስተላለፍ ወይም ማስቀረቱን ለግዛቱ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። በ2023 ግዛቱ ሽያጫቸውን ያገዳቸውን መሣሪያዎች ከሟች የወረሰ ሰው ማስቀረት ይችላል፤ በግዛቱ ውስጥ ለሌላ ግለሰብ ማስተላለፍ ግን አይችልም። በትክክል የተጻፈ ትረስት ማን ቀጣዩ ባለአደራ እንደሚሆንና ዕቃው የት እንደተቀመጠ አስቀድሞ ይነግራል። ሐዘንተኛ ቤተሰብ የሕግ እንቆቅልሽ እንዳይገጥመው ያደርጋል።

የትረስት ሐሳብ ለኢትዮጵያ ሕግም እንግዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ንብረትን በባለአደራ እጅ ስለማኖር ይደነግጋል። ጦር መሣሪያን ግን የሚገዛው ራሱን የቻለ የአስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ነው፤ ቁጥር 1177/2012። እዚያም ሆነ እዚህ ንብረት በአደራ ስለተቀመጠ ብቻ ከመሣሪያ ሕግ አይወጣም።

ስለዚህ ትረስት ያለው ወይም ሊያቋቁም ያሰበ ቤተሰብ ሥራው ግልጽ ነው። ሰነዱ ከኢንተርኔት የወረደ ቅጽ ሳይሆን የዋሽንግተንን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያየው ይሁን። የባለአደራዎቹ ስም በየዓመቱ ይነበብ፤ የተፋታ፣ ክስ የተመሠረተበት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የተለወጠ ሰው ካለ ጠበቃው ሳይውል ሳያድር ይጠየቅ። የጸደቀው ማመልከቻ ቅጂ ከዕቃው ጋር ይሁን። በ2018 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ፣ ያልተቆለፈ መሣሪያ ሊይዘው በማይገባ ሰው እጅ ገብቶ ጉዳት ሲያደርስ አስቀማጩን በወንጀል ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ካዝናው ይቆለፍ፣ ቁጥሩንም በሰነዱ ላይ ስማቸው ካለ ባለአደራዎች በቀር ልጅም እንግዳም አይወቀው።