ጉቶ፣ ደንብ፣ ፊርማ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ዛፍና ስለ ሕግ ነው። ደብተራችሁን አቅርቡና ሦስት ቃላት ጻፉ፦ ጉቶ፣ ደንብ፣ ፊርማ።

መጀመሪያ «ጉቶ»ን እንያዝ። ከወላይታ ሶዶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው የሁምቦን ተራራ ያያል። ተራራው ቀድሞ ደን ለብሶ ነበር። ደኑ ለከሰልና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። ዝናብ ሲጥል ጎርፍ አፈሩን ይጠርግ ጀመር። ነገር ግን ዛፉ ሁሉ አልሞተም፤ ሥሩ በሕይወት ነበረ። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ያቆጠቆጠውን ግን ከብት ይበላዋል፣ ሰው ይቆርጠዋል።

ሁለተኛው ቃል «ደንብ» ነው። በ1998 ዓ.ም. ግድም የሁምቦ ገበሬዎች ወርልድ ቪዥን ከሚባል ድርጅት ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ። በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። በደኑ የመጠቀም መብት በጽሑፍ ተሰጣቸው። ደንብም አወጡ። ከብት አይገባም፤ ሣር አጭዶ መውሰድ ግን ይቻላል። ዛፍ አይጨፈጨፍም፤ ሲገረዝ የሚወርደው ጭራሮ ግን ለማገዶ ይሆናል።

ደኑ ተመለሰ። ዛፍ አየር ንብረትን የሚያዛባውን የካርቦን ጋዝ ይስባል። ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት መሠረት ተመዘገበ። በዓለም ባንክ ሥር ያለ ፈንድም 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ዛፉ ሳይቆረጥ ገንዘብ አስገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ከሰል ሸጦ ጨውና እህል የሚገዛ ሰው «አትቁረጥ» ሲባል ምን ይብላ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ድሃውን የሚያስርብ ደንብ ሌሊት ይጣሳል። ስለዚህ ደንብ ሲወጣ ማገዶ የምትሸከመው እናት ከስብሰባው አትቅር። የምትለውም ይጻፍ።

የአገሪቱ ሕግም ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 አራት ዓይነት የደን ይዞታ ያውቃል፦ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት። የመንደር ሰዎች በጋራ የሚጠብቁት ደን በሕግ ስም አገኘ። የሌላውን ደን ያለ ፈቃድ የሚቆርጥ ሰው በሕግ ይጠየቃል።

ሦስተኛው ቃል «ፊርማ» ነው። መብት የሚመጣው በወረቀት ነው። የማኅበሩ ደንብ ወረቀት ነው። የይዞታ ደብተር ወረቀት ነው። የዛፍ ሽያጭ ውልም ወረቀት ነው። አውራ ጣትን ቀለም ነክሮ ማተም ይቀላል፤ ጣት ግን አያነብም።

እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ፈልጋችሁ አንብቡ።

1. ወሰኑ ከየት እስከ የት ነው?
2. ማን ምን መውሰድ ይችላል?
3. ደንብ የጣሰ ሰው ቅጣቱ ምንድን ነው?
4. የሚገኘው ገንዘብ ለማን ይደርሳል? ሒሳቡንስ ማን ያያል?

አንዱ ከጎደለ «ይጻፍልን» በሉ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

የሳምንቱ ሥራችሁ ይህ ነው። የቀበሌያችሁን የደን ደንብ ፈልጉ። ደንብ ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቁ። ካለ አንድ አንቀጽ ለጎረቤታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።