ሚዛን ብቻውን አይፍረድ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

ቢኤምአይ የሚባለው ምጣኔ የሚገኘው ክብደትን በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ካሬ በማካፈል ነው። ቁመቱ 1.60 ሜትር፣ ክብደቱ 64 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 25 ይሆናል፤ ከዚህ ጀምሮ ክብደቱ ከመጠን አለፈ ይባላል። ከ18.5 በታች የሆነው ደግሞ ከሲታ ይሰኛል።

ይህን ቀመር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤልጂየማዊው የሒሳብ ሊቅ ኬትሌ ነው፤ ዓላማውም የሕዝብን አማካይ ማጥናት እንጂ አንድን ሰው መመርመር አልነበረም። ቀመሩ ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ሲያርስ የሚውለውንና ተቀምጦ የሚውለውን እኩል ይቆጥራል። እግረ ረጃጅም አርብቶ አደሮች ሳይራቡ ከ18.5 በታች ሊገኙ ይችላሉ። የነፍሰ ጡር እናት ጉዳት ደግሞ በፅንሱ ክብደት ሊሸፈን ስለሚችል የክንዷ ዙሪያ ይለካል።

ስለዚህ መለኪያውን አንጣለው፤ ፈራጅም አናድርገው። ለእርዳታ ስንመዘግብ ቁጥሩን ከክንድና ከወገብ ልኬት፣ ከቤተሰቡም ኑሮ ጋር የጤና ባለሙያ እንዲያየው እናድርግ። የተራበን ሰው በቁጥር ምክንያት ከደጃችን ብንመልስ፣ የምንጠየቀው እኛ እንጂ ሚዛኑ አይደለም።

እግዚአብሔር አገልግሎታችንን ይባርክ።