ንጉሡ ሲታመም፦ የሸዋ ዙፋንና የእኛ ርክክብ

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ ስብሰባ፣ መሐል ሜዳ ላይ የተደረገ ንግግር)

 ብርዱን ቻል አድርጉት፤ እዚህ አገር ስብሰባ ሲጠራ ጋቢ ይዞ መምጣት ነው። አዘጋጆቹ «ሕክምናውን ተይውና የአገርሽን ታሪክ ንገሪን» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ግን ሐኪም ታሪክ ሲያነብ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሽተኛው ላይ ነው። ስለዚህ የማወራችሁ ንጉሥ ሲታመም ወይም ድንገት ሲሞት ወንበሩ ምን ይሆን እንደነበር ነው።

ከዚሁ ከደጃችን ልጀምር። በ1805 ዓ.ም. ገደማ የሸዋው ገዥ ራስ ወሰን ሰገድ በአገልጋያቸው እጅ ተገደሉ። ከልጆቻቸው መካከል በኩሬ መርሐቤቴን ይገዙ ነበር። ታናሻቸው ሣህለ ሥላሴ ደግሞ ገና ልጅ እግር ናቸው፤ ሰላ ድንጋይ ገዳም ውስጥ ይማሩ ነበር። በኩሬ የአባታቸውን ወንበር ለመያዝ ወደ ቁንዲ ገሠገሡ። የመርሐቤቴን ቁልቁለትና ዳገት የምታውቁ መንገዱ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። እሳቸው እስኪደርሱ የመንዝ ሰዎች፣ ማለትም የሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ ወገኖች፣ ታናሹን ልጅ ራስና መርዕድ አዝማች ብለው ሾመው አበቁ። በኩሬ ቁንዲ ሲደርሱ የጠበቃቸው እስር ነው። ጎንቾ ከሚባለው እስር ቤት ከሌሎች ወንድሞቻቸው ጋር ገቡ።

ታዲያ ታላቅ እያለ ታናሽ እንዴት ነገሠ? መልሱን የመንዝ ገበሬ ያውቀዋል። እዚህ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ከአቅኚው የተወለደ ሁሉ ድርሻ አለኝ ማለት ይችል ነበር። ዙፋንም እንደዚያው ነበር። ዘር ለመወዳደር ያበቃል እንጂ አሸናፊውን አይወስንም። የሚወስነው የእናት ወገን ብርታት፣ የቤተ ክህነት ድጋፍና ቀድሞ መድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ወንድሞች ስጋት ይሆናሉ፤ ስጋት ደግሞ ይታሰራል። አምባ ግሸን፣ በኋላም በጎንደር ዘመን ወህኒ አምባ ለዚሁ ሥራ ውለዋል። ወህኒ ቤት የሚለው ቃላችንም ከዚያ መጣ ይባላል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ30 ዓመት በላይ በሰላም ገዙ ስንል፣ የዚያን ሰላም ዋጋ በሰንሰለት የከፈሉ ወንድሞች እንደነበሩ አንርሳ። በ1830ዎቹ አንኮበር የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሀሪስ፣ ንጉሡ እነዚህን እስረኞች በመጨረሻ እንደፈቱ ጽፏል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1066 ልጅ ሳይተካ ሞተ። በዘር የሚቀርበው ኤድጋር ልጅ ነበር፤ ዊልያም ከባሕር ማዶ ኖርማንዲ ነበር። ከአልጋው አጠገብ የነበረው ሃሮልድ በማግስቱ ዘውድ ጫነ። በዚያው ዓመት አገሪቱ ሁለት ጊዜ ተወረረች፤ ሃሮልድም በጥቅምት ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። በኩሬን የረታው የመርሐቤቴ መንገድ ነው፤ ዊልያምን ደግሞ ባሕሩ አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

ወደ አገራችን ልመለስ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወሩ ታመው ሞቱ። አልጋ ወራሹ ምኒልክ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ተማርከው መቅደላ ገቡ። እስኪያመልጡ 10 ዓመት ያህል ሸዋ ከአጎት ወደ ሹመኛ፣ ከሹመኛ ወደ ሸፋች ሲገላበጥ ቆየ። አጎታቸው ሰይፉ ሣህለ ሥላሴ ሸፍተው ተዋጉ፤ በኋላ ደግሞ በዛብህ ራሳቸውን ንጉሥ አሉ።

ይህን የቀመሱት ምኒልክ ሲያረጁ ሊጠነቀቁ ሞክረዋል። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አወጁ፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አደረጉ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ከባድ ስትሮክ አንደበታቸውን ያዘው። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተኝቶ፣ ከአልጋው ዙሪያ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው ራሱ ፖለቲካ ሆነ። እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት ከሥልጣን ተገፉ። ተመርዘዋል የሚል ወሬም ተናፈሰ። እንደራሴው ተሰማ በ1903 ዓ.ም. እሳቸውም ሞቱ፤ የሚተካቸው አልተዘጋጀም። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው እንኳ ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ፦ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ወረዱ። ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ዘመቱ። ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ወደቁ፤ ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ሰገሌ ላይ የብዙ ሺሕ ሰው ደም ፈሰሰ። ከሁለቱም ወገን የሞተው የገበሬ ልጅ ነው።

እንደ ሐኪም ሳየው እዚህ ሁለት ነገር ተበላሽቷል። አንደኛ፣ ሕመሙ ተደበቀ። የበሽተኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ጤና ላይ የተንጠለጠለ አገር ሲኖር ጥፋቱ ከምስጢሩ ይልቅ ማንጠልጠሉ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ወራሽ ተሰየመ እንጂ ወራሹ በሥራ አልተገራም፤ ለእንደራሴውም ምክትል አልነበረም።

የሚገርመው፣ ቤተ መንግሥቱ ያጣውን ዘዴ የመንዝ ገበሬ ነበረው። ጓሳን ነገ ታዩታላችሁ። የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን በጋራ ይጠብቁት ነበር፤ የየወገኑን ኃላፊ ይመርጣሉ፣ ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ያውቃሉ። ኃላፊው ቢሞት ሌላ ይመረጣል፤ ሣሩ አይዘረፍም። ይህ ደንብ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ለብዙ ትውልድ ዘልቋል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በአንድ ሆስፒታል ስሠራ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ አንድ ብቻ ነበር። እሱ ፈቃድ ሲወጣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይቆለፋል። ምጥ የተያዘች እናት ደግሞ የእሱን መመለሻ አትጠብቅም፤ በአምቡላንስ ወደ ሩቅ ከተማ እንልካት ነበር። ያኔ እሱን እናመሰግን ነበር፤ «ያለሱ አንችልም» እንል ነበር። ይህ ምስጋና አይደለም፤ የበሽታ ምልክት ነው።

መምህሮቻችንን የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። ኮርሱን፣ ላቦራቶሪውን፣ የምርምር መረጃውን እናንተ ብቻ የምታውቁት ከሆነ፣ ዘንድሮ አንድ ሰው ከጎናችሁ አስቀምጡ። ስሙን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አይበቃም፤ እናንተ እያላችሁ እሱ ይሥራው፣ ይሳሳት፣ ይታረም። የማኅበራችን አመራርም እንዲሁ፤ የምርጫው ቀን ይታወቅ፣ የሒሳቡ መዝገብ ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው። እኔም ከኔ ክፍል ጀምሬዋለሁ፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ተረኛዋ ታናሽ ባልደረባዬ ክፍሉን ይዛልኝ ነው። እስካሁን አልደወለችልኝም። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ከፍቶኛል። ወንበር መልቀቅ እንዲህ ነው።