ዶክተር ሄርማን ሼርና የ20 ዓመቱ ቃል
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



እኛ በርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ዘወትር የምናስበው ስለ ውኃ ጕድጓድ፣ ስለ እህልና ስለ መድኃኒት ነው። አንድ ሕግ ለድኻ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ግን እምብዛም አንጠይቅም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ጀርመናዊ የፓርላማ አባል ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ሄርማን ሼር በ1944 ተወለዱ። በ1980 የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲን ወክለው ፓርላማ ገቡ፤ በ2010 እስካረፉበት ቀን ድረስም በዚያው አገለገሉ። በ1988 ዩሮሶላር የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በዚያን ዘመን ከፀሐይ የሚገኝ ኤሌክትሪክ እጅግ ውድ ነበር። ሶላር ጥቂት ስለሚሠራ ይወደዳል፤ ስለሚወደድ የሚገዛው የለም፤ የሚገዛው ስለሌለም ጥቂት ይሠራል።

ይህን ቋጠሮ የፈታው ሼር ከሃንስ ዮሴፍ ፌልና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ደክመው በ2000 ያስጸደቁት ሕግ ነው። ገበሬም ሆነ የመንደር ማኅበር በጣሪያው ላይ ያመነጨውን ኤሌክትሪክ የመስመሩ ባለቤት እንዲገዛው ሕጉ አስገደደ። ዋጋውም ለ20 ዓመት እንዲጸና ተደረገ። ገቢው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ባንክ ሳይፈራ አበደረ። በ2000 ከጀርመን ኤሌክትሪክ ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ከታዳሽ ኃይል ይገኝ ነበር፤ በ2023 ግን ከግማሽ በለጠ።

ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ወጪው በየቤቱ የመብራት ሒሳብ ላይ ስለተጨመረ ድኻውም ከፍሏል። ጭማሪው የተነሣው በ2022 ነው። ነገር ግን ገበያው ስለሰፋ ፋብሪካዎች በዙ፤ ይልቁንም በቻይና። ከ2010 እስከ 2020 ድረስ የሶላር ዋጋ ከዐሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉን ቀነሰ። እንግዲህ በገጠር ጤና ኬላ ክትባት የሚያቀዘቅዘው ሶላር በዛሬው ዋጋ እንዲገዛ የጀርመን ቤተሰቦች ገንዘብ ረድቷል ማለት ነው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፤ ሶላሩ ረከሰ ብለን ተክለን ብቻ አንሂድ። ባትሪው ሲደክም ማን ይለውጠዋል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? የጀርመኑን ገበሬ ያደፋፈረው ለ20 ዓመት የተገባለት ቃል ነበር። እኛስ ለጤና ኬላው ነርስ የስንት ዓመት ቃል እንገባላታለን? ይህ በሚቀጥለው በጀታችን ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።