ለሳነቴ ምን እንሰንቅ?
(በማህበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ተራራ ጉዞ ዝግጅት ነው። ጉዳዩ ሁላችንንም ይነካል። ከመካከላችን በዚህ በጋ ከዲንሾ ተነስተው በእግር ወደ ሳነቴ ለመውጣት ስማቸውን ያስመዘገቡ አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ በሮቤና በጎባ በሶ፣ ቆሎና ጭኮ አዘጋጅተን የምንሸጥ ነን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ወደ ተራራው የሚሄደው መንገደኛ በደጃችን ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስንቁን ከአዲስ አበባ ጭኖ ነው የሚመጣው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው፣ ለዚያ ተራራ የሚስማማው ስንቅ በእጃችን ያለው መሆኑን ነው። ነገር ግን ተራራው የሚጠይቀውን አውቀን ካዘጋጀነው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ ከፍታው። ሮቤ 2500 ሜትር ገደማ፣ ዲንሾ 3100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የሳነቴ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ሲሆን የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። መንገዱ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ግን ሌሊቱ የሚከፋውም ያኔ ነው፤ ውርጭ ይጥላል፣ ውሃ በጀሪካን ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ ሻንጣ ስታዘጋጁ የቀኑን ፀሐይ ሳይሆን ሌሊቱን አስቡ።

ሌላው ነገር ማብሰል ነው። በ4000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ባቄላው፣ ምስሩና ሩዙ በቶሎ አይበስልም፤ ማገዶውም ጊዜውም ያልቃል። በሶ ግን ገብሱ እዚህ ቤታችን ተቆልቶ ያለቀ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለረጅም መንገድ በሶ የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለአንዲት ሴት ለአንድ ቀን የሚበቃ ስንቅ ይህን ይመስላል፦ በሶ 250 ግራም፣ ጭኮ 150 ግራም፣ ሽምብራና ለውዝ የገባበት ቆሎ 150 ግራም፣ ዳቦ ቆሎ 100 ግራም። ድምሩ 650 ግራም ነው፤ በግምት ከ2500 ካሎሪ አያንስም። ለሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ ይከብዳል፣ ይሻግታልም። እንጀራ ካልበላሁ አልጠግብም የምትል ድርቆሽ ትያዝ፤ ማታ በትንሽ ሙቅ ውሃና በበርበሬ ፍርፍር ይሆንላታል። ጨው፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል አይረሱ። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቆሎውን ኪስ ውስጥ አድርጎ እየሄዱ ጥቂት ጥቂት መቆርጠም ይሻላል።

ስንቅ ለምትሸጡ አንድ ነገር ልጨምር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ዋናው የጉዞ ወቅት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጭኮውን በሁለት አዘጋጁ፦ በቅቤ የተለወሰና ለጿሚ በዘይት የተለወሰ። ከላይ በግልጽ ይጻፍበት። የአንድ ቀን ስንቅ በአንድ ከረጢት ተመዝኖ ቢታሸግ፣ የተዘጋጀበት ቀንም ቢጻፍበት፣ መንገደኛው ሳይጠራጠር ይገዛል።

አሁን ወደ ልብስ ልለፍ። ጋቢያችንን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ደረቅ ሆኖ ለሌሊት ከሆነ ይጠቅማል። ጥጥ ግን ከረጠበ ይከብዳል፣ ገላንም ያቀዘቅዛል። በመንገድ ላይ የሱፍ ሹራብ ይሻላል፤ ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ጋቢውን፣ ቅያሪ ካልሲውንና የሌሊት ልብሱን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ አኑሩ፤ እስከ ማታ አይፈታ። ለዝናብና ለነፋስ የዝናብ ልብስ፣ ለራስ የሱፍ ኮፍያ፣ ለቀን ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ ያዙ፤ ከፍታ ላይ ፀሐይ ፊት ታቃጥላለች። ጫማ አዲስ አይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በከተማ ተሄዶበት እግር የለመደው ይሁን። ከመሬት የሚመጣው ብርድ ከላይ ከሚመጣው ይብሳል፤ ስለዚህ ከመኝታ ከረጢቱ በታች የሚነጠፍ ፍራሽ አይቅር። የራስ ባትሪ፣ የንጽህና መጠበቂያና ያገለገለውን መልሶ መያዣ ከረጢትም ያስፈልጋሉ። ከባዱን ጭነት ፈረስ ይሸከማል፤ ውሃ፣ ቆሎ፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ግን ፈረሱ ቢዘገይም ከእጃችሁ አይለዩ።

ስለ ጤና ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ደጋ ተወልጄአለሁ፣ ተራራ አያመኝም ማለት አይሠራም። ከ3000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል። ለዚህ ነው በመኪና በቀጥታ ሳነቴ ወጥቶ ከማደር ይልቅ ዲንሾ አድሮ በወይብ ሸለቆ ቀስ ብሎ መውጣት የሚሻለው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ እስኪሻል ድረስ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ሰው ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባት አስቀድማ ሐኪም ታማክር። የምንጭ ውሃም ቢሆን ሦስት ደቂቃ ይፍላ፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ይታከም።

መነሻ ቀናችሁን፣ የምታድሩበትን ቦታና የምትመለሱበትን ቀን ጽፋችሁ ለቤተሰብና ለማህበሩ ጸሐፊ ስጡ። የፓርኩን ክፍያ ፈጽማችሁ፣ አስጎብኚና ፈረስ ከዲንሾ ይዛችሁ ውጡ። ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም።

አስታ ለማገዶ አትቁረጡ፤ ለሻይ የምትሆን አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ትበቃለች። ውሻ አስከትላችሁ አትሂዱ። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮውን ከአንድ ጊዜ በላይ ፈጅቶታል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ነው። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ተራራው ከተጎዳ እንግዳውም ይቀራል፣ የእኛም ገበያ ይቀራል።

እህቶቼ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የሚወጡት እህቶቻችን ስንቃቸውን ከማህበራችን አባላት ይግዙ፤ ሲመለሱም የቱ እንደበቃ፣ የቱ እንደተረፈ፣ የቱ ከረጢት እንደተቀደደ በግልጽ ይንገሩን። እኛም በነገሩን መሠረት አስተካክለን ለቀጣዩ መንገደኛ እናቅርብ። ደጋፊዎቻችን ደግሞ የምትረዱን ከሆነ ሚዛንና ማሸጊያ ማሽን ከሁሉ በፊት ይጠቅመናል።

ለሚወጡት መልካም መንገድ ይሁንላቸው።