ልጆቻችን በእጃቸው ይንኩ፣ በዓይናቸው ይዩ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ የተወደዳችሁ ልጆች፤

እኛ በናይሮቢ በንግድ የምንተዳደር አባላት ጥቂት ቃል እንድናሰማ ዕድል ስለተሰጠን እናመሰግናለን። ልንናገር የመረጥነው ግን ስለ ንግድ ሳይሆን ስለ ልጆቻችን ነው።

የባለሱቅን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ነው፤ ቅዳሜም ሱቅ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ቃል «አትንካ!» የሚል ነው። ዕቃው እንዳይሰበር፣ ዱቄቱ እንዳይደፋ ብለን ነው። ልጅ ግን የሚማረው በእጁ ነው። እንግዲህ ሱቁ የማይፈቅድለትን ከተማው ይፍቀድለት። ናይሮቢ ለዚህ የታደለች ናት።

የባቡር ሙዚየሙን እንውሰድ። በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ ልጆች የድሮዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ላይ ወጥተው ብረቱን እየነካኩ ያያሉ። በ1900 እ.ኤ.አ. አንበሳ ገብቶ አንድ የፖሊስ ሹም ጎትቶ የወሰደበት ፉርጎም እዚያው አለ። ናይሮቢ በ1899 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የእኛዋ ድሬዳዋም በ1902 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ከሐዲድ መወለዷን እዚያው ቆመን ብንነግራቸው፣ ሁለቱ ከተሞች ለልጆቻችን እህትማማች ይሆናሉ።

በብሔራዊ ሙዚየሙ ግቢ ደግሞ የዝሆኑ የአህመድ ሐውልት በቁመቱ ልክ ቆሟል። አህመድ በ1974 እ.ኤ.አ. የሞተ የማርሳቢት ዝሆን ነው። በሞያሌ በኩል የመጣን ሰዎች ማርሳቢትን መቼም አንረሳትም። በሙዚየሙ ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተገኘው፣ 1 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ የሆነው የቱርካና ልጅ አፅም ይገኛል። የዚያ ሐይቅ ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከእኛው ከኦሞ ወንዝ ነው። ድንቅነሽንም እዚህ ላይ ማንሳት ይቻላል። እዚህ ተወልዶ «እኛ ከየት ነን?» ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ መስጫ ቦታ አናውቅም።

ትንንሾቹ ላንጋታ ወደሚገኘው የቀጭኔ ማዕከል ይሂዱ። ከፍ ካለው ሰገነት ላይ ሆነው ቀጭኔዋን በመዳፋቸው ያበሏታል። መጀመሪያ እናቱ ቀሚስ ሥር የሚደበቀው ልጅ በኋላ «ልሂድ» ሲሉት እንቢ ይላል። ሲጨርሱ እጃቸውን ማስታጠብ አይረሳ።

ጉዞውን በአማርኛ እናድርገው። ትዊጋ ማለትን ከጎረቤት፣ ጂራፍ ማለትን ከትምህርት ቤት ይሰሙታል፤ ቀጭኔ ማለትን ግን ከእኛ ካልሰሙ ከማንም አይሰሙትም።

ስለ ወጪው ለሚያስብ፣ የመግቢያው ዋጋ ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለእንግዳ ስለሚለያይ መታወቂያ ይያዝ። ምሳም ከቤት ቋጥሮ፣ ዋንጋሪ ማታይ በ1999 እ.ኤ.አ. ከመሬት ነጣቂዎች ለማዳን በታገሉለት በካሩራ ደን ዛፍ ሥር ተቀምጦ መብላት ይቻላል።

ሱቅ ዘግቶ መሄድ ከባድ መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ወላጆች በተራ የአሥር ቤት ልጆችን ይዘው ይውጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ተራው በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ቢደርሰን ነው፤ የአንድ ቀን ገበያ ደግሞ በሌላ ቀን ይተካል። የልጅነት ዕድሜ ግን አይተካም።

ማኅበራችንን ነገ የሚረከቡት እነዚህ ልጆች ናቸው። የሚኖሩባትን ከተማ እንዲያውቁ፣ የመጡበትንም እንዳይረሱ ዛሬ እጃቸውን ይዘን እንውጣ። ተመዝጋቢዎች ከዝግጅቱ በኋላ በር ላይ ያግኙን።