ወዳጅና ጠላት የማይለይ መድኃኒት



ማያስቴኒያ ግራቪስ ጡንቻን የሚያዝል ሕመም ነው። ጠዋት ደኅና የነበረ ሰው ወደ ማታ የዓይኑ ቆብ ይከደንበታል፤ የጎረሰውን እንጀራ አላምጦ ሳይጨርስ መንጋጋው ይዝላል። አብዛኞቹን ሕሙማን ለዚህ የሚዳርጋቸው የገዛ ራሳቸው አንቲቦዲ ነው፤ ጡንቻው የነርቭን መልእክት የሚቀበልበትን አካል ያጠቃዋል።

ይህ አንቲቦዲ አይጂጂ ከሚባለው ወገን ነው። ሰውነታችን ደግሞ አይጂጂን በቀላሉ አይጥልም፤ ኤፍሲአርኤን የተባለው ተቀባይ ከመበላሸት እያዳነ ወደ ደም ይመልሰዋል። አዲሶቹ መድኃኒቶች የሚዘጉት ይህንን የመመለሻ በር ነው። አሜሪካ በ2021 ኤፍጋርቲጊሞድን፣ በ2023 ሮዛኖሊክሲዙማብን፣ በ2025 ኒፖካሊማብን ፈቅዳለች። ኤፍጋርቲጊሞድ በሳምንት አንዴ ለአራት ሳምንት ሲሰጥ ጠቅላላው አይጂጂ ከግማሽ በላይ ይወርዳል።

«ጠቅላላው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ አጥቂውን ከጠባቂው አይለይም፤ ከክትባትና ካለፈ በሽታ ያተረፍነውም መከላከያ አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ የመተንፈሻ አካልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይበረታል። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው ለቀጠሮው ቀን ብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ ኢንፌክሽኑ እስኪድን መድኃኒቱ ይዘገያል።

ብዙ ሰው የሚፈራው መርፌው የሚሰጥበትን ሰዓት ነው። አለርጂ ሊነሣ ስለሚችል ስጋቱ እውነት ነው፤ ግን በክሊኒክ ሲሰጥ ነርስ አለች። እኔን የሚያሳስበኝ ቤትና መንገድ ነው። እዚህ አሜሪካ መድኃኒቱን ጀምሮ ለፋሲካ አገር ቤት መግባት ያሰበ ወገናችንን ውሰዱ። ለጉዞው የሚመከረው የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ክትባት ነው፤ በሕክምናው ጊዜ አይሰጥም። እንዲያውም ከታይመስ እጢ መታወክ ጋር የተያያዘ ማያስቴኒያ ላለበት ሰው መድኃኒቱን ባይወስድም የተከለከለ ነው። ጉዳዩ ከነርቭ ሐኪም ጋር የሚመከርበት ትኬት ከመቆረጡ በፊት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ይብሳል። አገር ቤት ሳል ቢይዘው ዘመድ ሮጦ ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም አዚትሮማይሲን ያመጣለታል። ደግነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም፣ እንደ ጄንታማይሲን ሁሉ፣ የማያስቴኒያን ድክመት ሊያባብሱ፣ እስከ መተንፈስ ችግርም ሊያደርሱ ይችላሉ። መከላከያን የቀነሰው መድኃኒት ኢንፌክሽን ይጋብዛል፤ ለኢንፌክሽኑ የተገዛው ክኒን ደግሞ ዋናውን ሕመም ይቀሰቅሳል። የሕመሙና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከፓስፖርት ጋር ይያዝ፤ ማንኛውም አንቲባዮቲክ ከመዋጡ በፊትም ለሐኪም ይታይ።

ሦስተኛው ወጥመድ የመድኃኒት መደራረብ ነው፤ ለዚሁ ሕመም ሊሰጡ የሚችሉት ሪቱክሲማብም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን ራሳቸው አይጂጂ ስለሆኑ፣ የመመለሻውን በር ከሚዘጉት መድኃኒቶች ጋር ከተደራረቡ ጉልበታቸው ይቀንሳል። የተለያዩ ሐኪሞች የሚከታተሉት ሕመምተኛ የሚወስደውን ሁሉ ለሁሉም ይንገር።

መዋጥ ካቃተ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።